ምንጩን የከበቡት ቤቶች

ወይዘሮ ስንቅነሽ ጡታቸው ውስጥ ካንሰር መገኘቱን በሰሙ ማግስት ሐኪማቸውን፣ «የገዛ ገላዬ ምን ብበድለው ነው ጠላት የሆነብኝ?» ብለው ጠየቁት። ሐኪሙ ወንበሩን ወደ እሳቸው ሳብ አድርጎ እንዲህ አላቸው።

አንድ ገበሬ ነበረ። የሚኖርበት መንደር ምንጭ ከቦ የተሠራ ነው፤ የቤቱ ሁሉ ደጅ ወደ ምንጩ፣ ጀርባው ወደ አጥሩ ነው። አዲስ ጎጆ ሊቀለስ ሲል አንድ ሽማግሌ መጥተው፣ «ፊትህ ወዲህ፣ ጀርባህ ወዲያ፤ ከዚህ አትለፍ» ብለው ችካል ይተክላሉ። ተርታው ሲሞላም «ይበቃል» ይላሉ።

ሽማግሌው ሞቱ። ገበሬው ልጁን ሲድር ጎጆ አስፈለገው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ «ይህን ያህል ባዶ ቦታ እያለ ምን ቸገረኝ» ብሎ ወደ ምንጩ ተጠግቶ ሠራ። ተው ያለው የለም። ለሁለተኛው ልጁም እዚያው አስጠግቶ ሠራ፤ ቀጥሎ ለከብቶቹ በረት። ደጁ ከጓሮው የማይለይ ሆነ። እሱ ግን ሠርቶ ባየ ቁጥር ደስ ይለው ነበር።

አንድ ቀን ምራቱ ባዶ እንስራ ይዛ ተመለሰች።

«አባባ፣ ምንጩ እኮ የለም» አለችው።

ወጥቶ ቢያይ የበረቱ ግድግዳ የምንጩን አፍ ደፍኖታል። የደከመበት ነውና አንጀቱ አልቆርጥለት አለ። ከዚያ መጥረቢያውን አንስቶ የመጀመሪያውን ምሰሶ መታ። ጎረቤቶቹ ድምፁን ሰምተው መጡና አብረውት አፈረሱ፤ ከተርታቸውም ጠጋ ጠጋ ብለው ለልጆቹ ቦታ ለቀቁላቸው። ውሃው ሲወርድ ገበሬው እግሩን ነክሮ ተቀመጠ። ቀለል አለው።

ሐኪሙ ወደ ወይዘሮ ስንቅነሽ ዞረ።

«በጡትዎ ውስጥ ወተት የሚወርድበት መስመርም እንደዚያ መንደር ነው። ሕዋሳቱ ፊታቸውን ወደ መስመሩ፣ ጀርባቸውን ወደ ስስ አጥራቸው አድርገው ይደረደራሉ። ፊትና ጀርባቸውን የሚያሳዩአቸው፣ ሲበቃም መብዛቱን የሚያስቆሟቸው ፕሮቲኖች አሉ። እነዚያ ሲጠፉ ወይም ሲበላሹ ሕዋሱ አቅጣጫው ይጠፋበታል፤ ዝም ብሎ ይበዛል፣ መስመሩን ይሞላል። ገላዎ አልጠላዎትም፣ እርስዎም አልበደሉትም። የእርስዎ ካንሰር አጥሩን ሳይጥስ ደርሰንበታል፤ በቀዶ ጥገና እናወጣዋለን።»

ወይዘሮ ስንቅነሽ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«እንዲያ ከሆነ አልቀየመውም» አሉ። «ብቻ ቶሎ አፍርሱልኝ።»