የማያልቀው ድሪቶ

አንድ ብርዳማ ከተማ ውስጥ ወይዘሮ አሰገደች የሚባሉ ልብስ ሰፊ ይኖሩ ነበር። በወጣትነታቸው ዘመን ከተማውን ሁሉ ያለበሰው ፖሊስተር ነበር፤ ያ ሲስቡት የሚለጠጥ፣ ሲለቁት የሚመለስ፣ ፀሐይ የማያደበዝዘው፣ ሳሙና የማያሳሳው ጨርቅ። ወይዘሮ አሰገደችም ለባላቸው ቡናማ ሱሪ፣ ለእህታቸው ሰማያዊ ጉርድ፣ ለሴት ልጃቸው ቀይ ቀሚስ ሰፉ። ወንድ ልጃቸው ግዛቸው ሲያገባ ደግሞ ከድሮው ጣቃ በተረፈው አረንጓዴ ጨርቅ ሸሚዝ ሰፉለት። ጨርቁ ሳያልቅ ሰዎቹ አለቁ።

በአገሩ ልማድ የሟች ልብስ ለነዳያን ይሰጣል። እሳቸውም ይሰጡ ነበር፤ ግን ከመስጠታቸው በፊት ከጫፉ አንድ ስንዝር ይቆርጡና እየቀጣጠሉ ድሪቶ ይሠሩ ነበር። ጎረቤቶች "አሰገደች ለድሃ የምትሰጠው ልብስ ሁሉ ጎዶሎ ነው" እያሉ ያሟቸዋል። ስለ ድሪቶውም "እሱማ ምጽአትን ሳያይ አያልቅም" ብለው ይስቃሉ። እሳቸው አይስቁም። ድሪቶውን ማንም እንዲለብሰው አይፈቅዱም። በሳጥን ቆልፈው ያኖሩታል፤ ሲከፋቸው አውጥተው ይዳብሱታል፤ ከዚያ መልሰው ይቆልፉበታል።

በመጨረሻ ግዛቸው ሞተ። ወይዘሮ አሰገደች ከአረንጓዴ ሸሚዙ ስንዝር ቆርጠው በድሪቶው መሃል ሰፉት። የቀረውን ሚስቱ ስንዱ "እማማ፣ ይህን እንኳ ለእኔ ይተዉልኝ" ብላ ለምና ወሰደችው። ስንዱ የሸማኔ ልጅ ናት። ባሏ ከሞተ በኋላ ወደ አባቷ ቤት መመለስ ትችል ነበር፤ አማቷን ብቻቸውን ጥላ መሄድ ግን አንጀቷ አልቻለም።

ሙት ዓመቱ ደረሰ። ወይዘሮ አሰገደች ድሪቶውን ለእንግዶች ሊያሳዩ ከሳጥን አውጥተው አልጋው ላይ ጣል አደረጉና ካህናቱን ሊጠሩ ወጡ። ስንዱ ጨርቁ መጨማደዱን አየች። "እማማ ሲመለሱ ደስ ይበላቸው" ብላ ካውያውን በፍም ሞላች። በአባቷ ቤት የምታውቀው ጥጥ ብቻ ነው፤ ጥጥ ደግሞ ትኩስ ካውያ ይወዳል። ፖሊስተር ግን እንደ ሰም ይቀልጣል። ካውያውን ስታነሣ አረንጓዴው ቁራጭ አብሮ ተነሣ።

ወይዘሮ አሰገደች ሲመለሱ የቃጠሎው ሽታ ከደጅ ተቀበላቸው። ስንዱ እግራቸው ላይ ወደቀች።

"እማማ፣ አላወቅኩም፤ ይማሩኝ።"

"ልጄን አንድ ጊዜ እግዜር ወሰደው" አሉ። "አንቺ ደግመሽ ገደልሽው።"

ካፍ ከወጣ አፋፍ ይሉ የለ! ስንዱ ተነሥታ እንግዶቹን አስተናገደች፣ ዕቃውን አጠበች፣ በሦስተኛው ቀን ጓዟን ጠቅልላ ጉልበታቸውን ስማ ወጣች። ወይዘሮ አሰገደች "አትሂጂ" ማለት ፈልገው ነበር። ኩራት አፋቸውን ያዘው።

ክረምቱ ገባ፤ ቤቱ ጭር አለ። አንድ ቀን ቀዳዳውን ሊጠግኑ ተቀመጡ። የቀለጠው ጠርዝ ደድሮ መርፌ አላስገባ አለ፤ ሁለት መርፌ ሰበሩ። ድሪቶውን ገልበጥ ሲያደርጉት ከእጥፋቱ ውስጥ አረንጓዴ ጨርቅ ወደቀ። በቀዳዳው ልክ ተቆርጧል፤ መርፌና ክር ሳይቀር ተሰክቶበታል። የሸሚዙ የደረት ኪስ ነው፤ በገዛ እጃቸው የሰፉት ኪስ ስለሆነ አልጠፋቸውም። ስንዱ ከባሏ የቀራትን ብቸኛ ሸሚዝ፣ ደረቱን ቀድዳ ትታላቸው ሄዳለች። አሮጊቷ እንደ መርዶ ቀን ጮኸው አለቀሱ።

በማግስቱ ቁራጩን በጉያቸው ይዘው ሸማኔው ቤት ሄዱ። ስንዱ ሮጣ ወጥታ ሳመቻቸው፤ እግራቸውን አጠበች፤ ቤት ያፈራውን አቀረበች።

"ልጄ፣ አጥፍቻለሁ። ይቅር በይኝ።"

"ይቅር ካልኩዎት ቆየሁ እማማ። የወጣሁ ዕለት ነው ይቅር ያልኩዎት።"

"ታዲያ ተነሺ፣ ቤትሽ እንግባ።"

"ያቺ ቃል እዚያ ቤት ውስጥ ናት" አለች ቀስ ብላ። "እርስዎ ባይደግሟትም እኔ እሰማታለሁ። እየመጣሁ እጠይቅዎታለሁ፤ መኖር ግን አልችልም።"

እንዳለችውም መጀመሪያ በየሳምንቱ፣ ቀጥሎ በየበዓሉ መጣች። ከዚያ ሌላ ባል አገባች፤ ልጅ ወለደች፤ መንገዱ ራቀባት። ወይዘሮ አሰገደች አሁን ድሪቶውን ለብሰው ይተኛሉ። የሟቾቹ ቁራጭ በየቦታው አለ፤ ቀለሙ እንኳ አልለቀቀም። ሲያስላቸው ግን ውሃ የሚያቀብላቸው ሰው የለም።

ወገኖቼ፣ የሞተን ሰው መውደድ ቀላል ነው፤ ሙት አይሳሳትም፣ አያስቀይምም። አብሮን የሚኖረው ሰው ግን ይሳሳታል፤ ብዙ ጊዜም የሚሳሳተው እኛን ደስ ሊያሰኝ ሲል ነው። ለጨርቅ፣ ለፎቶ፣ ለዕቃ ብለን የምንሰነዝረው ክፉ ቃል በይቅርታ ሊሻር ይችላል። ይቅርታ ግን የሄደውን ሰው ሁልጊዜ መልሶ አያመጣም። እስቲ ወደየቤታችን እንመልከት፤ ላለፈው መታሰቢያ ስንል ያስቀየምነው፣ ዛሬ ጓዙን እየጠቀለለ ያለ ሰው ማን ነው?