የዳኛው ማኅበርተኞች

ዳኛ ሙላቸው የፌዴራል ፍርድ ቤት ወንበር ያገኙት በዕውቀታቸው ሳይሆን፣ ኮሌጅ ሳሉ ከባለሥልጣን ልጆች ጋር በተማማሉበት የምስጢር ማኅበር ነው እየተባሉ ይታሙ ነበር። በፍርድ ቤቱ ደጃፍ ሃያ ዓመት ለባለጉዳዮች ማመልከቻ ስትጽፍ የኖረች አንዲት ሴት ይህንኑ አወራች ተብላ እኚሁ ዳኛ ፊት ቀረበች።

«እስቲ የእኔ ማኅበርተኛ ነው የምትይውን የአንድ ሰው ስም ጥሪ!» አሉ ዳኛው፣ የአባላቱን ስም ማንም እንደማያውቅ ተማምነው። «ካልጠራሽ ስም በማጥፋት ወህኒ ትወርጃለሽ።»

ሴትዮዋ አንገቷን አልደፋችም።

«ክቡር ዳኛ፣ ስማቸውን እንኳ አላውቅም። እርስዎ የፈረዱበት ሰው ሁሉ ግን ይግባኝ ሊያጽፍ ወደ እኔ ይመጣል። ሃያ ዓመት ሙሉ ችሎትዎ እየተመላለሱ፣ አንድም ቀን እኔ ዘንድ ያልመጡት ናቸው ማኅበርተኞችዎ።»