የፈረጠው ቲማቲም ገዢ

አንድ ሰው ነበረ፤ ቲማቲም ነጋዴ። እትዬ የሻረግ፣ «ለልብስ ሱቄ ኮምፒውተር ባስገባ ከጎረቤቶቼ እበልጣለሁ ወይ?» ስላልሽኝ ነው የማወጋሽ። «ፊደል ያልቆጠርህ ስለ ኮምፒውተር ምን ታውቃለህ?» አልሽ ደግሞ። ስለ በሬ የሚመክር ሁሉ ቀንድ አለው እንዴ? ስሚኝ ብቻ።

ይህ ሰው አገሩ ስልክ ሲገባ ከሁሉ ቀድሞ ገዛ። የትኛው ገበያ እንደተወደደ እሱ ብቻ እያወቀ ለጥቂት ጊዜ ደህና ሸጠ። ኋላ ግን ነጋዴው ሁሉ ገዛ፤ ስልክ ሳይዙ የቀሩት አህዮቹ ብቻ ናቸው፣ እነሱም እያኮረፉ። አንድ የጾም ሰሞን «ወንዝ ማዶ ቲማቲም ጠፍቷል» የሚል የደላላ ወሬ በሁሉም ስልክ ባንድ ጊዜ ገባ። ያገራችንን ነጋዴ ታውቂዋለሽ፣ ብቻውን የሄደ ጅብ ይበላዋል ብሎ ተጠራርቶ ነው የሚወጣው። ሁሉም ጭኖ ነጎደ። ሰውየውም ጓሮውን አራቁቶ ለቅሞ፣ የዓመት ተስፋውን ባህያው ጀርባ አድርጎ ተከተለ።

ወንዝ ማዶ ሲደርሱ የቲማቲሙ ክምር ጭልፊት እንኳ ዞሮ የሚያልፈው ተራራ ሆነ። ገዢ የለም። ፀሐይዋ ስትበረታ የሰውየው ቲማቲም ይፈርጥ ጀመር፤ የገበያው ውሻ ሁሉ እግሩ ቀላ። ነጋዴዎቹ ስልካቸውን አፋቸው ላይ ደቅነው ደላላውን ይሰድባሉ፤ የእነሱ ጩኸት ከአህዮቹ ጩኸት አይለይም።

ሰውየውም ሲሳደብ ቆይቶ ደከመው። በአህያው ጥላ ሥር ተቀመጠና ለመንገድ ሠራተኞች ምግብ ለምታበስል አንዲት ደንበኛው ደወለ። ግዢኝ አላላትም። «እመቤት፣ ዛሬ ወጥ ቤትሽ ምን ጎደለው?» አላት።

«ኧረ ተወኝ! ሠራተኛው ጾም ነው ብሎ ስልስ ስልስ ይላል። እናንተ ደግሞ መንገድ ይችላል እያላችሁ ድንጋይ የመሰለ ቲማቲም ታመጡልኛላችሁ፤ እስኪሟሟ እንጨቴ አለቀ።»

«የእኔስ ፈርጧል፤ አፍሬ ነው ያልነገርሁሽ።»

«ታዲያ ምን ቁጭ አሰኘህ? አምጣው እንጂ!»

አህያውን ነዳ! ድስቷ ሐይቅ ያህላል፤ የራሱን አራግፎ የባልንጀሮቹንም የፈረጠ ሲያስጭን ዋለ።

በማግስቱ ነጋዴዎቹ ከበቡትና ምን ብለው ጠየቁት መሰለሽ? «ስልክህ ቀለሙ ምንድን ነው?» ተሽቀዳድመው ያንኑ ቀለም ገዙ።

እንግዲህ እትዬ፣ ኮምፒውተርሽም እንደዚያው ነው። መሣሪያው የገዛው ሁሉ እጅ ይገባል፤ የምትጠይቂበት ነገር ግን ያንቺ ነው። ሌላው ለመለፈፍ የገዛውን ሰውየው ለመስማት አዋለው። ኮምፒውተሩን ግዢው፣ አትፍሪ! ቀሚስ ዳብሳ ሳትገዛ የምትወጣዋን ሴት ምን ፈልጋ እንዳጣች ጠይቂና እዚያ ላይ መዝግበሽ አኑሪው፤ በሚቀጥለው ጭነት አስመጪላት። ያኔ ሱቅሽ በገዢ ከመሙላቱ የተነሣ እኔ ሰላም ልልሽ ብመጣ፣ ጣራ ነቅዬ ካልሆነ መግቢያ አላገኝም።