አያ ጅቦና የድግሱ ከበሮ

አንድ ጊዜ የዱር አራዊት ተሰብስበው ደንብ አወጡ። ድግስ ሲኖር አንበሳ ከዋርካው ሥር ከበሮ ያስመታል፤ ቀድሞ የደረሰ ሻኛውን ያነሳል፤ መብላት ሲጀመር ከበሮው ዝም ይላል፤ የዘገየ የተረፈውን ይለቅማል። ደንቡ ለሁሉም ተስማማ፤ ለአያ ጅቦ ግን አልተመቸም። እሱ እንደ ዘመዶቹ ሌሊት ሲዞር አድሮ ቀን ዋሻው ውስጥ የሚተኛ ነውና፣ አንድ ቀትር ላይ ከበሮው ሲመታ እያንኮራፋ አመለጠው። ሲደርስ የቀረው የታረደው በሬ ቀንድ ብቻ ነበር። ቀንዱንም በላው።

«ከእንግዲህ ቀንም አልተኛም» አለ አፉን እየጠረገ። «እንቅልፍ ማንን አጥግቦ ያውቃል?»

ይህን የሰማችው እመት ቀበሮ ናት። አያ ጅቦ ዋሻው ውስጥ የደበቀው የበሬ ታፋ እንዳለ ታውቃለች፤ ተንተርሶት ስለሚተኛ ግን ደፍራ ነክታው አታውቅም።

«እውነትዎን ነው፣ አያ ጅቦ» አለች አንገቷን ሰበር አድርጋ። «እንቅልፍ የሰነፍ ነው። እርስዎን የመሰለ የተከበረ አውሬ ምን ሲል ይተኛል?»

ከዚያ ወዲያ አያ ጅቦ አለመተኛቱን ማውራት ሥራው ሆነ። ያገኘውን ሁሉ ያስቆምና «እኔ እኮ ዓይኔን ሳልከድን ነው ያነጋሁት፤ ቀኑንም እንዲሁ» ይላል። ዝንጀሮዎች «አቤት ትጋት» እያሉ ያደንቁለታል፤ አድንቀውም ሄደው ይተኛሉ። ዓይኑ ደም መሰለ። ጉልበቱ ይንቀጠቀጣል፣ ዳገት ሲወጣ ትንፋሹ ያጥራል። እሱ ይህን ሁሉ የትልቅነት ምልክት አድርጎ ቆጠረው።

አንድ ከሰዓት በኋላ ድካም ጥሎት ጥላ ሥር ጋደም አለ። ጆሮውን እንዳሳረፈ፣ ድም፣ ድም፣ ድም የሚል ድምፅ ሰማ።

«ከበሮ ነው» ብሎ ተነሣና ወደ ዋርካው በረረ። እዚያ አንበሳ ተዘርግቶ ያንቀላፋል፤ ከበሮውም ቅርንጫፍ ላይ እንደተሰቀለ ነው። አያ ጅቦ ግን ሮጦ መጥቷልና ድምፁ ባሰበት። መንገድ ላይ እመት ቀበሮን አገኛት።

«አንቺ፣ ከበሮ አይሰማሽም?»

ቀበሮ ጠጋ ብላ ጆሮዋን ከጎኑ አስደገፈች። ልቡ ደረቱን ሊሰብር ይደልቃል። ነገሩ ገባትና ጢሟን ላሰች።

«እንዴታ፣ ይሰማኛል እንጂ» አለች። «ትልቅ ድግስ ሳይሆን አይቀርም። ከወንዙ ማዶ፣ ከዚያ ጉብታ ጀርባ መሰለኝ። ይፍጠኑ እንጂ፣ ይቀደማሉ።»

እሱ ሮጠ። እሷ ዋሻው ገብታ ታፋውን ተረጋግታ በላች። ከጉብታው ጀርባ ምንም አልነበረም፤ ከበሮው ግን ከበፊቱ ፈጥኖ ይመታል። «እንግዲያው ቀርቤያለሁ» አለ አያ ጅቦ፤ ወደሚቀጥለው ጉብታ ሮጠ። በሮጠ ቁጥር ከበሮው ይብሳል፤ ከበሮው በባሰ ቁጥር እሱ ይሮጣል።

ከዳገቱ ሥር አህያ ይግጥ ነበር። ጅብ ሲያይ መሸሽ ልማዱ ነው፤ ያን ቀን ግን ጅቡ ሲንገዳገድ አይቶ ባለበት ቆመ።

«አንተ፣ ድግሱ የት ነው? ከበሮው አይሰማህም?»

«የለም ጌታዬ፣ አልሰማም።»

«ይህን ሁሉ ጆሮ ተሸክመህ?»

አህያ ጆሮውን ወደ ፊት አዘንብሎ አዳመጠ። ለመጀመሪያ ጊዜም ለጅብ አዘነ።

«ጌታዬ፣ የሚመታው እርስዎ ደረት ውስጥ ነው። ልብዎ ነው። እኔም ጭነት በዝቶብኝ እንቅልፍ ያጣሁ ሰሞን እንዲህ ይመታብኝ ነበር፤ ስተኛ ተወኝ። እርስዎ ካልተኙ እሱ በምን ይረፍ? እባክዎ እዚሁ ጋደም ይበሉ፤ እንዳልረብሽዎ ራቅ ብዬ እግጣለሁ።»

አያ ጅቦ አሰበ። ማሰብ ልማዱ ስላልሆነ ጊዜ ወሰደበት። በመጨረሻ ነገሩ የገባው መሰለውና ሳቀ።

«አውቄብሃለሁ። አስተኝተኸኝ ሻኛውን ልትበላ ነው።»

«እኔ እኮ የምበላው ሣር ነው» አለ አህያ።

«ሁሉም እንደዚያ ይላል» ብሎ አያ ጅቦ ዳገቱን ተያያዘው።

ጫፉ ላይ ሲደርስ ከበሮው ተዘበራረቀ። ይዘላል፣ ይቆማል፣ እንደገና ይመታል። ቀጥሎ ዝም አለ።

«መብላት ጀመሩ» አለና አፉን እንደከፈተ ወደቀ። አልተነሣም።

ተዝካሩ ሲደርስ አንበሳ እውነተኛውን ከበሮ አስመታ። አህያ ከሩቅ ሰምቶ እያዘነ መጣ። ቀድማ የደረሰችው ግን እመት ቀበሮ ነበረች። «ምን ያለ ትጉህ ነበር፤ አንድ ቀን እንኳ ሲተኛ አላየሁትም» እያለች አለቀሰች፤ ሻኛውን አነሳች፤ ከዚያም ጉድጓዷ ገብታ እስኪበቃት ተኛች።

ከዚህ የምንማረው ከእንቅልፉ የሚሰርቅ ሁሉ የሚሰርቀው ከገዛ ልቡ መሆኑን፣ አለመተኛቱን የሚያደንቅለት ወዳጅም ለተዝካሩ ቀድሞ የሚደርስ መሆኑን ነው።