በታኅሣሥ ያልበቀለው ገብስ

አንድ ገበሬ ነበረ። ደገኛ ነው፤ ሰፊ ማሳና ሙሉ ጎታ ነበረው። የጎደለው ትዕግሥት ብቻ ነው።

አትቁነጥነጪ ውድነሽ፤ ጥያቄሽን አልረሳሁትም። «ልጄ እናኑ ባሏን ከቀበረች ዓመት ከመንፈቅ ሆናት፤ ከሰው አትጫወትም፣ ከደጅ አትወጣም። እሁድ ሽማግሌዎች ይመጣሉ። ልዳራት ወይስ ላቆያት?» ነው ያልሽኝ። «በቁሟ ሞታብኛለች መምህር» ብለሽም አልቅሰሻል። ሰምቻለሁ። አሁን ደግሞ አንቺ ገበሬውን ስሚልኝ።

ይህ ገበሬ ጥር ላይ ልጁን ሊድር ነበር። ሰርግ ያለ ጠላ አይሆንም፤ ጠላ ደግሞ ያለ ብቅል አይጠመቅም። ስለዚህ በታኅሣሥ መጀመሪያ፣ ከአውድማ የገባው እህል አቧራው እንኳ ሳይለቀው፣ ከሁለት ጎታ ሁለት ጭብጥ ገብስ ዘገነ። አንደኛው ከአያቶቹ ጀምሮ ሲዘራ የኖረው ጥቁር ገብስ ነው። ሁለተኛው አምና ከሩቅ ገበያ አምጥቶ የሞከረው ነጭ ገብስ ነው። የብቅል ሥራ የሴት ነው፤ እሱ ግን ሚስቱን አላስጠጋም። የቱ ይሻል እንደሆነ በገዛ ዓይኑ ሊያይ ፈለገ። ሁለቱንም አንድ ሌሊት ነከረ፣ ውሃውን አጠለለ፣ በጉሎ ቅጠል ጠቀለለና ድንጋይ ጫነባቸው።

በአራተኛው ቀን ፈታቸው። ነጩ ገብስ አንድም ሳይቀር ጎንቁሏል፤ ሥሩ እንደ ሽማግሌ ጢም ተንዠርግጓል። ጥቁሩ ግን እንደገባ ወጣ። ውሃ ጠጥቶ ከማበጡ በቀር አንዲት ፍሬ አልነቃችም።

«ይሄ ዘር ሞቷል» አለ ገበሬው።

«ኧረ አልሞተም» አለች ሚስቱ። «አዲስ ገብስ ስለሆነ ነው። አዲስ ገብስ ብቅል አይወጣውም፤ ሲከርም ይነቃል።»

«ነጩስ አዲስ አይደለም?»

ሴትየዋ እናቷ ስታደርግ ያየችውን ታውቃለች እንጂ ምክንያቱን አታውቅም። በዚህ ዓለም ስንት እውነት አስረጂ አጥቶ ይሸነፋል መሰለሽ! እኔ እንኳ ስንቱን ተማሪ፣ ልክ መሆኑን እያወቀ ማስረዳት ስላቃተው ብቻ ዜሮ ሰጥቼዋለሁ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ገበሬው የጥቁሩን ጎታ አስገለበጠና «ለሰርጉ ቆሎና በሶ ይሁን» አለ። ሚስቱም እንደታዘዘችው ቆላች፣ ፈጨች። አንድ ቁና ብቻ አስቀረች። በአሮጌ እንስራ ከተተች፣ አፉን በጭቃ መረገችና ከምድጃው ጀርባ፣ ደረቅና ሞቅ ያለ ቦታ አስቀመጠችው። ያደረገችው ይኸው ነው። አልተጣላችም፣ አልተከራከረችም፣ በየሳምንቱ እየከፈተችም አላየችውም።

ሰኔ ገባ። ገበሬው ማሳውን በሙሉ ነጭ ገብስ ዘራበት። ሚስቱ ከዳር አንዲት ጠባብ ቁራሽ መሬት ለምና እንስራዋን ይዛ ስትወርድ ሲያይ ሳቀባት። «ሬሳ ልትቀብሪ ነው?» አላት። እሷም ዘራችው። በሳምንቱ ጥቁሩ ከነጩ እኩል ብቅ አለ። ገበሬው አይቷል፤ ነገር ግን ሰው አንዴ ፈርዶ ከተናገረ በኋላ ማየትና ማመን ለየቅል ናቸው። ፊቱን አዙሮ ሄደ።

ክረምቱ ጥሩ ነበር። ነጩ ገብስ ተንዠረገገ፤ ጎረቤቶቹ እየመጡ አደነቁ፣ ለከርሞ ዘር እንዲሰጣቸውም ለመኑት። ኅዳር ላይ ማጭዱ ተስሎ፣ ወንፈሉ ተጠርቶ፣ ለአጨዳው ሦስት ቀን ሲቀረው ሰማዩ ጠቆረ። ያለ ወሩ የመጣ ዝናብ ስድስት ቀን ሙሉ ዘነበ።

በሰባተኛው ቀን ፀሐይ ስትወጣ ገበሬው ወደ ማሳው ወረደ። ከሩቅ ሲያየው ማሳው አረንጓዴ ሆኗል። በኅዳር ማሳ አረንጓዴ ሲሆን ለገበሬ መርዶ ነው። ቀርቦ አንድ ዛላ ቆረጠ። እህሉ ሳይታጨድ፣ እዚያው ቆሞ ሳለ፣ ዛላው ላይ በቅሏል። በታኅሣሥ የኮራበት ፍጥነት በኅዳር ጉድ ሠራው።

የበቀለውን አድርቀው ፈጩት። ሊጡ እጅ ላይ ይለጠፋል፤ ዳቦው አይነሣም፤ ግን ይጣፍጣል። ልጆቹ «ስኳር ነው!» እያሉ ተሳሳቁ። አባታቸው ግን መጉረስ አልቻለም፤ አንዴ የበቀለ ደግሞ ዘር አይሆንምና። ከዚያ ሁሉ ማሳ ለከርሞ የሚዘራ አንድ እፍኝ አልነበረውም።

ያን ጊዜ የዳሯ ቁራሽ መሬት ትዝ አለችው። ሄደ። ጥቁሩ ገብስ አንገቱን ደፍቶ፣ ደርቆ፣ እንደ ቆመ ነው። አንድ ዛላ በመዳፉ አሽቶ እፍ አለበት። ፍሬው ጠንካራ ነው፣ ሙሉ ነው፣ ስድስት ቀን የወረደበትን ውሃ እንዳልሰማ ተኝቷል። ገበሬው እዚያው ጭቃው ላይ ተቀመጠና አለቀሰ። ከዚህም ከዚያም ተበድሮ ክረምቱን ወጣ፤ ቤቱን ግን የዘር ቤት አድርጋ ያቆመችው ያቺ አንድ ቁና ናት። ጎረቤቶቹም ኋላ ዘር የወሰዱት ከዚያችው ነው።

እንግዲህ እኔ ሠላሳ ስድስት ዓመት ሳይንስ ያስተማርኩ ሰው ነኝና፣ ሴትየዋ ማስረዳት ያቃታትን እኔ ላስረዳላት። በእያንዳንዱ ፍሬ ውስጥ ሁለት መልእክተኞች አሉ። መጽሐፉ ሆርሞን ይላቸዋል፤ ሙሉ ስማቸው ምላስ ያስራልና ይቅርብሽ። አንደኛው ፍሬው ገና በእናቱ ላይ ሳለ ይሞላበታል፤ ከፊሉን ከእናቱ ይቀበላል፣ ከፊሉን ራሱ ይሠራዋል። የዚህ ቃል «ቆይ» ነው። ያለ ወሩ ዝናብ ቢመጣ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ቢበቅል፣ «ቆይ፣ ይሄ ያንተ ዝናብ አይደለም» ይለዋል። ሁለተኛው የሚያድረው በውስጥ፣ በፅንሱ ዘንድ ነው። ጊዜው ሲደርስ ተነሥቶ «ስንቁን ክፈቱ» ብሎ ያዛል። ያን ጊዜ የተከማቸው ዱቄት ወደ ስኳር እየተለወጠ ታናሿን ሥር ይመግባታል። ብቅል ስታኝኪ የሚጣፍጥሽ ያ ትእዛዝ ነው።

ታዲያ ሁለተኛው እንዲሰማ የመጀመሪያው መድከም አለበት። በውሃ ብዛት አይደክምም። ገብሱን በታኅሣሥ ወር ዓባይ ውስጥ ብትነክሪው እዚያው ይበሰብስ እንደሆነ እንጂ አይነሣም። የሚያደክመው ደረቅ ቦታና የወራት ርዝመት ነው። ከውጭ የሚያይ ሰው «ምንም አይሠራም፣ ዝም ብሎ ተቀምጧል» ይላል። በውስጥ ግን «ቆይ» የሚለው ድምፅ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየቀነሰ ነው። ደግሞ ልብ በይ፤ ያ ድምፅ የዘሩ ጠላት አልነበረም። በኅዳሩ ዝናብ ከሞት ያተረፈው እሱ ነው።

ውድነሽ፣ አሁን ወደ አንቺ ልምጣ።

እናኑን በታኅሣሥ ነክረሽ «አልበቀለችም» ትያለሽ። ሰው በመጣ ቁጥር አስጠርተሻታል፤ ለማኅበር ልበሺ ብለሻታል፤ «የእገሊት ልጅ እኮ ባሏ በሞተ በስምንተኛው ወር ተዳረች» ብለሻታል። የእገሊት ልጅ ነጭ ገብስ ትሆናለች፤ ይቅናት። የአንቺ ልጅ ጥቁር ገብስ ናት። የምትወደውን ሰው ቀብራለች፤ ውስጧ «ቆይ» ይላታል። ይህ ሞት አይደለም። ልጅሽን የሚጠብቃት ነው።

እሁድ የሚመጣው ሰው ደህና ሰው ነው ይባላል፤ አላማሁትም። ነገር ግን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ሲባል እየሰማሽ አድገሻል። ደህና ዝናብም ቢሆን ያለ ወሩ ከመጣ ምን እንደሚያደርግ ነግሬሻለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ቅድም ስታማርሪ «ትናንትና እንኳ ያንን ሁሉ ሥራ ትታ፣ ማንም ሳያዛት፣ የወንድሟን ልጅ ፀጉር ስትሠራ ዋለች፤ ስትሠራም ታንጎራጉራለች» አልሽኝ። እንደ ጥፋት ነው የነገርሽኝ! አንቺ ሴትዮ፣ ዕድሜ ልክሽን ብቅል ስታበቅዪ ኖረሽ ከፍሬው መጀመሪያ የሚወጣው ምን እንደሆነ ልንገርሽ? ቅጠሉ አይደለም። ነጭ፣ ቀጭን፣ ወደ ታች የምትሄድ ሥር ናት። ሰው ቅጠል ሲጠብቅ እሷን አያያትም። ዓመት ከመንፈቅ ዝም ያለች ልጅ ካንጎራጎረች ዘሩ ነቅቷል። ደስ አይልሽም? እኔ ደስ ብሎኛል።

ስለዚህ እሁድ ሽማግሌዎቹ ሲመጡ ጠላሽን ቅጂላቸው፣ በክብር አስተናግጂያቸው። «ልጄ አልደረሰችም፤ ስትደርስ ራሷ ትናገራለች» በያቸው። ቢያጉረመርሙ የሚጠጡት ጠላ ከስንት ወር ገብስ እንደተጠመቀ ጠይቂያቸው፤ ከመካከላቸው አንድ ገበሬ አይጠፋም።

አሁን ወደ ቤትሽ ሂጂ። ስትገቢ «ምን ሆነሽ ነው?» አትበያት። እያንጎራጎረች ካገኘሻት በሩን ቀስ ብለሽ ዝጊና አጠገቧ ተቀመጪ። ፀጉርሽንም ፍቺላትና፣ እሷ እንድትሠራሽ ጀርባሽን ስጫት።