የአቶ ገብረየስ ትልቁ ደወል

አንድ ቅናት እንቅልፍ የነሳው የሽመና ቤት ባለቤት ነበር። ስሙ ገብረየስ ይባላል። ሃያ ሸማኔዎች፣ ሰፊ ግቢና ጥሩ ጥሩ ክር ነበረው። ምን ያደርጋል! ከአጥሩ ማዶ ወይዘሮ ማንአህሎሽ የምትባል ሌላ የሽመና ቤት ባለቤት ነበረች። የእሷ ሸማኔዎች አሥራ ሁለት ብቻ ናቸው። ሆኖም ልጁን የሚድር፣ ክርስትና የሚያነሳ ሁሉ የሚሮጠው ወደ እሷ ነው። የገብረየስ ሰዎች በዓመት ሦስት አራት ሆነው ጥለውት ይሄዳሉ፤ የእሷዎቹ ግን እዚያው ያረጃሉ እንጂ አይለቁም። ከአጥሩ ወዲያ ሳቅ በተሰማ ቁጥር ገብረየስ እርር ድብን ይላል።

«ምን አስነክታቸው ነው?» እያለ ሲብሰለሰል ይውላል።

አንድ ቀን አላስችል ቢለው በአጥሩ ቀዳዳ አጮልቆ አየ። ከሽመና ቤቷ በር ላይ አንዲት ትንሽ ደወል ተንጠልጥላለች። አንዱ ሸማኔ እግሩን ከከተተበት የሽመና ጉድጓድ ወጣና የደወሏን ገመድ ሳበ። ወዲያው ሁሉም ሥራውን አቁሞ ወደ እሱ ሄደ። «አገኘኋት!» አለ ገብረየስ፤ «ለካ ምስጢሯ ደወል ኖሯል!» ከዚያ በኋላ የሆነውን ለማየት ግን አልቆየም። እየተጣደፈ ወደ ቤቱ ገባ።

በማግሥቱ ገበያ ወርዶ የእሷን ሦስት እጥፍ የሚያህል ደወል ገዛ። በሩ ላይ ሰቀለና ሸማኔዎቹን ሰበሰበ። «ከዛሬ ጀምሮ ሥራው ላይ ጉድለት ያየ ሰው ይህን ደወል ይደውል። እኛ እኮ ቤተሰብ ነን» አላቸው። ቃሉን ከማን እንደሰማው እንጃ፣ ብቻ ሲናገረው አማረለት።

በሦስተኛው ቀን ጋሽ ዳና የሚባሉት አንጋፋ ሸማኔ ገመዱን ሳቡ። «ጌታዬ፣ ድሩን ስዘረጋ ተሳስቻለሁ። አንድ ክንድ ያህል መፍታት ሊኖርብኝ ነው» አሉ።

የገብረየስ የመጀመሪያ ሐሳብ «ከአጥሩ ማዶ ማን ሰምቶ ይሆን?» የሚል ነበር። «በዚህ ዕድሜዎ ድር መዘርጋት ጠፋዎት? ደግሞ አገር ይስማ ብለው ነው የሚደውሉት? ያቺ ሴትዮ ትሳቅብኝ?» አለ፣ ሁሉም ሸማኔ እየሰማ። ጋሽ ዳና ወደ ጉድጓዳቸው ተመለሱ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ደወሉ ጭጭ አለ። ገብረየስም ሆዱ ቅቤ ጠጣ። «የእሷ በሳምንት አምስቴ ይጮኻል፤ የእኔ ዝም ብሏል። እስቲ አሁን ማን ነው ጎበዙ?» እያለ ራሱን አሞገሰ።

ሚያዝያ ሲቃረብ አንድ ባለጸጋ ልጁን ሊድር ተነሣ። ለሙሽራይቱና ለአጃቢዎቿ ጥለት ያለው ሠላሳ ቀሚስ ፈለገ። ወይዘሮ ማንአህሎሽ «ሁለት ወር ይስጡኝ፤ ሰዎቼን አላጣድፍም» አለችው። ገብረየስ ይህን ሲሰማ ሮጦ ሄደና «እኔ በአንድ ወር!» አለ። ባለጸጋው ተስማማ። «ካበላሸህ ግን» አለው፣ «በዚህ ከተማ አንድ ሰው ደግሞ ደጅህን አይረግጥም። ይህን እኔ ራሴ አደርገዋለሁ።» ገብረየስ ግን እሷን በመብለጡ ብቻ ሰክሮ ነበር። ለጥለቱ የሚሆነውንም ቀይ ክር ከማያውቀው ነጋዴ ላይ በችኮላ ገዛ።

ሥራው በተጀመረ በሳምንቱ ጋሽ ዳና ላብ ያረጠበው ጣታቸው ቀልቶ አዩት። ክሩ ቀለሙን ይለቃል። አጠገባቸው ያለውን ሸማኔ ቢያዩት እሱም ጣቱን አሳያቸው። ቀና ብለው ደወሉን አዩ። ከዚያ መወርወሪያቸውን አንሥተው ሥራቸውን ቀጠሉ። ያለቀው ጨርቅ እየተጠቀለለ ሄደ፤ ጉዱም አብሮ ተጠቀለለ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። የሚያስደብቀውንስ ሰው ምን እንበለው?

ሠርጉ አራት ቀን ሲቀረው የባለጸጋው ሚስት አንዱን ቀሚስ ልትተኩስ ውሃ ረጨት ብታደርግበት ነጩ ሁሉ ቀላ። ሠላሳውም ቀሚስ ተመልሶ ገብረየስ ግቢ ተወረወረ።

«ይህን ማን ያውቅ ነበር?» ብሎ ጮኸ ገብረየስ።

«ሁላችንም» አሉ ጋሽ ዳና።

«ታዲያ ደወሉ የተሰቀለው ለጌጥ ነው? ለምን አልደወላችሁም?»

«ደውዬ ነበር እኮ ጌታዬ፤ አንድ ቀን።»

ገብረየስ የሚቆጣበት ሰው ሲያጣ ደወሉን ገንጥሎ ሊጥል ገመዱን ባለ በሌለ ኃይሉ ጎተተው። ደወሉ ግን አልተገነጠለም፤ ሰፈሩን በጩኸት አናወጠው። ደግሞ ጎተተው፤ ደግሞ ጮኸ። ገመዱን እንደያዘ የግቢው በር ተከፈተና ወይዘሮ ማንአህሎሽ ከአሥራ ሁለቱ ሸማኔዎቿ ጋር ገባች።

«ደወል ሰማን» አለች፤ «ምን ተበላሸ?»

ገብረየስ ስላቅ ነበር የጠበቀው። እሷ ግን ቀሚሶቹን አንሥታ አገላብጣ አየች። «ሃያ ዘጠኙ ገና ውሃ አልነካቸውም። ጥለታቸውን ቆርጠን ሌላ እንተካለን። ቀለም የማይለቅ ክር እኔ ጋ አለ። አንዱን እንደ አዲስ እንሥራው» አለች። ሰዎቿም ከገብረየስ ሰዎች ጋር ተደባልቀው ተቀመጡ።

ገብረየስ ግን አሁንም ውስጡን እየበላው «ደወል እኮ እኔም አለኝ፤ ያውም ከእርስዎ የሚበልጥ። ለእኔ ለምን አልሠራም?» አላት።

ሳቅ አለች። «ያን ቀን በአጥሩ ሲያጮልቁ አይቼዎታለሁ፣ አቶ ገብረየስ። ቶሎ ሄዱ እንጂ ጥቂት ቢቆዩ፣ የደወለውን ሰው ‹ሳይጠቀለል ስለነገርከን እግዜር ይስጥልን› ስንለው ይሰሙ ነበር። ደወሉ የተሰቀለ ጊዜ ደግሞ መጀመሪያ የደወልኩት እኔው ነኝ። ክር ስገዛ ተታልዬ።»

ገብረየስ አንገቱን ደፋ። ከዚያም ጋሽ ዳናን ባዋረደበት ሰው ሁሉ ፊት ጎንበስ ብሎ ይቅርታ ጠየቃቸው። ቀሚሶቹም በሠርጉ ዋዜማ ደረሱ።

ቅናቱ በአንድ ጊዜ ለቀቀው ብዬ ብነግራችሁ ውሸት ይሆንብኛል። ከማዶ ሳቅ ሲሰማ ጆሮው ዛሬም ይቆማል። ነገር ግን ከሠርጉ በኋላ አንድ ጠዋት የገዛ ደወሉ ተደወለ። ደዋዩ ጋሽ ዳና ነበሩ። ገብረየስ እየሮጠ ሄደና ምን እንደተበላሸ እንኳ ሳይጠይቅ «እግዜር ይስጥልኝ» አላቸው።

ወዳጄ፣ ደወል ከገበያ ይገዛል፤ የሚደውለው ሰው ልብ ግን አይገዛም። ሠራተኛ እውነቱን የሚናገረው «ተናገር» ስላልነው ሳይሆን የተናገረ ቀን ስላላዋረድነው ነው። በሰው ቤት ሳቅ ከመቅናታችን በፊት በእኛ ቤት ያለው ዝምታ ከምን እንደመጣ እንመርምር። እስቲ ራስህን ጠይቅ፦ አንተ ዘንድ ደወሉ መጨረሻ የተደወለው መቼ ነው? ያን ቀን ለደወለው ሰው ምን አልከው?