የወጌሾች ሸንጎና የጆሮ ምክር

ልጅ የሆድ ቁርጠቱን ደብቆ ሲያቃስት እናቱ የምትጠቅሳት፣ ሽማግሌም ባልና ሚስት ሲያስታርቅ የሚጠቅሳት አንዲት ምሳሌ አለች። ብዙ ሰው ከሕመምተኛ አልጋ አጠገብ የተወለደች ይመስለዋል። መነሻዋ ግን ሸንጎ ነው፣ ያውም የወጌሾች ሸንጎ። ምሳሌዋን ሁሉም ስለሚያውቃት ከፊት አላስቀድማትም። ታሪኳን ላውጋችሁ፤ እሷ በጊዜዋ ትመጣለች።

ድሮ፣ ከዓባይ ማዶ ባለ አንድ ወረዳ፣ የተሰበረ የሚጠግኑ ወጌሾች ሁሉ የሚተዳደሩበት አንድ ሥርዓት ነበራቸው። ወጌሻ በሥራው ከተከሰሰ የሚዳኙት ሌሎች ወጌሾች ናቸው። ጥፋተኛ ከተባለ አጥንት የሚያስርባቸው ቀርከሃዎች ተለቅመው ገበያ መሐል ይሰበራሉ። ከዚያ ወዲያ የሰው እግር ቀርቶ የዶሮ እግር እንኳ አይነካም።

ይህ ዕጣ አንድ ጊዜ ይግዛው በሚባል ወጌሻ ላይ አፍጥጦ መጣ። ይግዛው ወደ አርባ ዓመት የሚጠጋው፣ እጁ ለስላሳ፣ አፉ ግን ትንሽ ቅመም የበዛበት ሰው ነበር። ከአባቱ የደረሰው መሬት ለአንድ ፍየል ግጦሽ አይበቃም። የሚኖረው በእጁ ነው፤ በዚያ ላይ ሥራውን ይወደዋል። የወለቀ ትከሻ ቀጭ ብሎ ቦታው ሲገባለት ደስታው ለሁለት ቀን አይለቀውም። ስለዚህ ቀርከሃው ይሰበራል ማለት ለይግዛው የዕለት እንጀራውንም ደስታውንም ማጣት ነበር።

የከሰሰው ቸኮል የሚባል ገበሬ ነው። ቸኮል ከበቅሎ ወድቆ ቅልጥሙ ተሰበረ፤ ይግዛውም አስተካክሎ አሰረለትና አርባ ቀን ሙሉ መሬት እንዳይረግጥ አጥብቆ አስጠነቀቀው። በአርባኛው ቀን እግሩ ሲፈታ ጠሞ ተገኘ። ቸኮል «አጣሞ አሰረኝ» ብሎ ለወጌሾቹ አቤት አለ። ይግዛው ግን አንድ ነገር ሰምቷል። ቸኮል ገና በአሥራ ሁለተኛው ቀን በእህቱ ልጅ ሠርግ ላይ ሲጨፍር ታይቷል። ይህን በዓይኑ ያየው የሙሽራው አባትም ልመስክር ብሎታል። ስለዚህ ይግዛው በቀጠሮው ቀን እውነት ከያዝኩ ምን ያስፈራኛል ብሎ፣ ነጠላውን አጣፍቶ፣ እያፏጨ ወደ ሸንጎው ሄደ።

የሸንጎው ሰብሳቢ ባላምባራስ ደምለው ነበሩ። ግራና ቀኛቸው ሁለት አንጋፋ ወጌሾች ተቀምጠዋል። ሦስቱም ዓይናቸውን ጨፍነው የአህያን አጥንት ከበቅሎ አጥንት የሚለዩ ናቸው፤ ስለ ሕግ ግን የሚያውቁት ከአህያውም ከበቅሎውም አይበልጥም። ይህን ራሳቸውም ስለሚያውቁ ፍትሐ ነገሥት የተማሩትን መሪጌታ ላቀውን አማካሪ አድርገዋል። መሪጌታ አይፈርዱም፤ የፍርዱን አካሄድ ያሳያሉ። የሚያሳዩትም ከባላምባራስ በስተቀኝ፣ ከኋላ በኩል ተቀምጠው፣ በጆሯቸው በማንሾካሾክ ነው።

ማንሾካሾኩ ከየት መጣ ቢሉ፣ ከሙያው ነው። ወጌሻ አጥንት ሲስብ አያስታውቅም። በሽተኛው መሳቡን ካወቀ ይገታተራል፣ ጅማቱ ይከራል፣ ነገሩ ሁሉ ይበላሻል። ስለዚህ ወጌሻው እግሩን ያዝ አድርጎ በሰላም ቃል «ገብስህ ዘንድሮ እንዴት ነው?» ይለዋል። ሰውየው «ተመስገን፣ ዘንድሮስ...» ሲል ጎትቶ ይጨርሰዋል። ዳኞቹም ይህን ልማድ ይዘውት ሸንጎ ገቡ። ተከሳሽ የሚመጣበትን ካወቀ ይገታተራል ብለው አሰቡ። ተከሳሽና በሽተኛ አንድ አለመሆናቸውን ማንም አልነገራቸውም።

ቸኮል ቆመና አቤቱታውን አሰማ። ሲጨርስ ይግዛው ምስክር እንዳለው ተናገረ። መሪጌታ ወደ ባላምባራስ ጆሮ ጎንበስ ብለው ጥቂት አንሾካሾኩ። ባላምባራስ ዓይናቸውን ጨፈን፣ ራሳቸውን ነቅነቅ አደረጉና ምስክር አያስፈልግም አሉ። የሙሽራው አባት ለመናገር የጠረገውን ጉሮሮ ይዞ ተቀመጠ።

ይግዛው ደነገጠ። እንግዲያውስ የቸኮል እግር ይታይ፣ አጥንት አዋቂ ሁሉ እዚህ ተቀምጦ እግሩን ሳያይ እንዴት ይፈርዳል አለ። መሪጌታ እንደገና ጎንበስ አሉ፤ በዚህኛው ረዘም አድርገው ነበር። ባላምባራስ ነቀነቁና እግሩን ማየት አያስፈልግም አሉ። ይግዛው መሪጌታን በጎሪጥ አያቸው። ምን በድያቸው ነው፣ የልጃቸውን ክንድ አሽቼ ያዳንኩት እኔ አይደለሁም ወይ ብሎ ውስጡ ተቃጠለ። ሰዉም መሪጌታን እያየ ማጉረምረም ጀመረ።

መሪጌታ ለሦስተኛ ጊዜ ተጠግተው፣ በእጃቸው ጭምር እያስረዱ፣ ብዙ ተናገሩ። ባላምባራስ አሁንም ነቀነቁ። ከዚያ ፊታቸውን ፈታ አድርገው ወደ ተከሳሹ ዞሩ።

«ለመሆኑ ይግዛው፣ ገብስህ ዘንድሮ እንዴት ነው?»

ይግዛው ሳያስበው በሁለት እጁ ጉልበቱን ለቀም አደረገ። ሰዉ ሳቀ፤ እሱ ግን አልሳቀም። ይህቺ ጥያቄ የት እንደምታደርስ ከእሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ተናደደና ቀና ብሎ ቆመ።

«ጌታዬ፣ በዚህች ጥያቄ እኔም ስንቱን ስቤባታለሁ» አለ። «አጥንት ስንስብ የምንደብቀው ለበሽተኛው ብለን ነው። እዚህ የሚሳበው እንጀራዬ ነው። መሪጌታ ሦስት ጊዜ በጆሮዎ ነገሩ፣ ሦስቱንም ጊዜ ተጎዳሁ። ምን እንደተባለብኝ ልስማ። መልስ ካለኝ ልመልስ፤ ከሌለኝ ቀርከሃዬን እኔው ራሴ እሰብረዋለሁ።»

ባላምባራስ ተቆጡ። የዳኛ ምክር የዳኛ ነው፣ ተከሳሽን ምን አገባው አሉ። ከጎናቸው ያሉት ሁለቱም አዎ አዎ አሉ።

መሪጌታ ላቀው ግን ከዚህ በላይ መታገሥ አልቻሉም። ጠዋቱን ሙሉ ምክራቸው እየተደፋ ሲያዩ፣ የእኔ ማሳየት ነው፣ መቀበል አለመቀበል የዳኛው ሥልጣን ነው እያሉ ራሳቸውን ሲያጽናኑ ቆይተዋል። አሁን ሰዉ እሳቸውን እንደ ነገር ሠሪ ሲያያቸው ፊታቸው ቀላ። ተነሥተው፣ ይህ ሰው የጠየቀው ተገቢ ነው፣ ሰው ባልሰማው ነገር መልስ አይሰጥም አሉ።

«እኔ አንደኛ ያልኩት ምስክሩ ይሰማ ነው። ሁለተኛ፣ እግሩ ይታይ ነው። ሦስተኛ፣ እነዚህ ሳይደረጉ ከተፈረደ ፍርዱ ፍርድ አይባልም ነው። ሦስቱንም ጊዜ ባላምባራስ ነቅንቀውልኛል።»

ሁለቱ ወጌሾች ቀስ ብለው ወደ ሰብሳቢያቸው ዞሩ። ይግዛው ጠላቴ ያለው ሰው ለካ ጠዋቱን ሙሉ ሲሟገትለት ኖሯል፤ በጎሪጥ ማየቱ አሳፈረው።

«ይህን መቼ ነገሩኝ?» አሉ ባላምባራስ፣ ድምፃቸው ለዘብ ብሎ።

«አሁን፣ በቀኝ ጆሮዎ።»

ቀኝ ጆሮ ሲባል ከሴቶቹ መቀመጫ ሳቅ ተሰማ። የሳቁት የባላምባራስ ሚስት እሜቴ ዝማም ነበሩ። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ቢጭኑም ሳቁ አልቆም አላቸው። በመጨረሻ ተነሥተው፣ የሰው እንጀራ ሲቆረጥ ዝም ብል እግዜር ይታዘበኛል አሉና ጉዱን አወጡት። ባላምባራስ በቀኝ ጆሯቸው መስማት ካቆሙ ሦስት ዓመታቸው ነው። ደንቆሮ ዳኛ እንዳይባሉ ሚስታቸውን ለማንም እንዳይናገሩ አስምለዋቸዋል። ገበታ ሲቀርብ ሚስታቸውን በግራቸው የሚያስቀምጡት ለፍቅር ይመስላት የነበረች አንዲት ጎረቤት አሁን ገና ገባት።

ባላምባራስ ላብ አጠመቃቸው። መሪጌታ ሲያንሾካሾኩ ምን እንደሚሉ ባይሰሙም፣ የተማረ ሰው እኔ ካሰብኩት ውጪ ምን ይላል ብለው የራሳቸውን ሐሳብ የሕግ ምክር አድርገው ሲፈርዱ ኖረዋል። ምክሩ ከፍ ባለ ድምፅ ቢነገር ኖሮ ግን ስህተታቸውን ሁሉም ሰምቶ ያርማቸው ነበር። ይግዛው እንዲህ አንገታቸውን ደፍተው ሲያያቸው ቁጣው በረደለት፤ አሳዘኑት። ቢሆንም የመጣበትን አልረሳም፤ ምስክሬ ይሰማልኝ አለ።

የሙሽራው አባት በሁለት ጆሮ በሚሰማ ድምፅ መሰከረ። በዚያ ሠርግ ከሙሽራውም፣ ከሚዜውም የበለጠ የጨፈረው ቸኮል ነው፤ ከበሮው ቆሞ እንኳ እሱ አልቆመም አለ። ቀጥሎ እግሩ ታየ። ሁለቱ ወጌሾች ዳስሰው፣ አጥንቱ መጀመሪያ በትክክል ገጥሞ ኋላ በክብደት እንደጠመመ ተናገሩ። ቸኮል ምን ትላለህ ሲባል ራሱን አከከ።

«ሠርግ ነው እኮ፤ የእህቴ ልጅ ናት። ከበሮው ሲመታ ምን ላድርግ?» አለና ክሱን አነሣ።

ይግዛው ነጻ ተባለ። ሸንጎው ፊት ቀርበው የነበሩትን ቀርከሃዎቹን አንድ በአንድ ቆጥሮ፣ ጠርጎ፣ በብብቱ ያዘ። ሊሄድ ሲል ግን ወደ ባላምባራስ በግራ በኩል ተጠጋና፣ የጆሮ ነገር ሙያዬ ባይሆንም ልየው አላቸው። ባላምባራስ ወደ ፀሐይ ዞሩለት። አየና ሳቁን ዋጠ። ጆሮው ደህና ነበር፣ ኩክ ደርቆበት እንደ ቡሽ ደፍኖታል። ይግዛው ለብ ያለ የኑግ ዘይት ለአራት ቀን እንዲያስጨምሩበት ነግሯቸው ሄደ።

በሚቀጥለው ሸንጎ ባላምባራስ ከማንም ቀድመው መጡ። ከኋላቸው ሰው ባስነጠሰ ቁጥር በቀኝ በኩል እየዞሩ «ይማርህ» ይሉ ነበር። ሸንጎው ሲሞላ አዲስ ሥርዓት አወጁ። ከእንግዲህ መሪጌታ ምክራቸውን ከመሐል ቆመው ለሁሉም በሚሰማ ድምፅ ይናገራሉ፤ ከሳሽም ተከሳሽም ሰምቶ መልስ ይሰጥበታል፤ ዳኛ የሚፈርደው ከዚያ በኋላ ነው።

ይግዛውም ከሰዉ መሐል ተቀምጦ ነበርና ምላሱ አላስቀምጥ አለው።

«ጌታዬ፣ ይህ ሥርዓት የወጣው ለፍርዱ ተብሎ ነው ወይስ ለጆሮዎ?»

ባላምባራስ ወደ ሚስታቸው ዞር አሉ። እሜቴ ዝማምም ከተቀመጡበት ሳይነሡ እንዲህ አሉ፦ «ለፍርዱም ለጆሮውም ያው ነው ልጄ፤ በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም።»